ከየሬቫን የመጣው የሊባኖስ አጥቂ፦ 21 ጎል በምን ይመዘናል?

የበሬሳ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ደብረ ብርሃን ውስጥ ከ17 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን ከሥራ ውጪ ባለኝ ጊዜ አሠለጥናለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ፣ አመዳዩ ከሣሩ ላይ ገና ሳይለቅ፣ የፊት አጥቂያችን እጆቹን ብብቱ ውስጥ ወሽቆ መሀል ሜዳ ላይ ተገትሮ አገኘሁትና «ምን ሆነህ ነው?» ብለው፣ «ኳስ ካልመጣልኝ ምን ላድርግ?» ብሎ መለሰልኝ። ያን ጊዜ ስለ ቫርዳን ጋዛርያን ነገርኩት። እ.ኤ.አ. በ1969 የሬቫን ውስጥ የተወለደ፣ የሊባኖስን ዜግነት ያገኘ፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለሊባኖስ ብሔራዊ ቡድን 40 ገደማ ጨዋታዎችን አድርጎ 21 ጎል ያስቆጠረና የብሔራዊ ቡድኑን የጎል ክብረ ወሰንም ለብዙ ዓመታት ይዞ የቆየ አጥቂ መሆኑን፣ ኳስ ለማንም በሽበሽ በማይሆንበት ቡድን ውስጥ ይህን ያህል ማስቆጠር የሚቻለው ኳሱ ሳይመጣ በፊት ቦታውን በመያዝ እንደሆነ አስረዳሁት።

ችግሩ ረዳቴ ከጎኔ ቆሞ ይሰማ ስለነበር «ከማን ጋር ተጫውቶ ነው 21 ያገባው?» ብሎ ልጁ ፊት ጠየቀኝ። መልስ አጣሁ ማለት ይቻላል። ከእሱ በኋላ ክብረ ወሰኑን የወሰደው ሐሰን ማዕቱክ ከእሱ እጅግ የበለጠ ጨዋታ እንዳደረገ አውቃለሁ፤ ግን ሁለቱን በምን ሚዛን ላስቀምጣቸው? የጎል ቁጥር በጨዋታ ሲካፈል የሚገኘው ብቻ ይበቃል? እግር ኳስን ቀረብ ብላችሁ የምትከታተሉ አስተያየታችሁን ብትሰጡኝ አመሰግናለሁ።

ዘመንዝ (ከመሐል ሜዳ)

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከቁጥሩ በፊት ዘመኑን ማየት ያስፈልጋል ባይ ነኝ። የሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነት እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1990 ድረስ ቆይቷል። ጋዛርያን ለብሔራዊ ቡድኑ መጫወት ሲጀምር ጦርነቱ ካበቃ ገና አምስት ዓመት ያህል ቢሆነው ነው፤ ቡድኑም በጦርነቱ ዘመን ለዓመታት ወግ ያለው ዓለም አቀፍ ጨዋታ ሳያደርግ የቆየ ነበር። የአገር ውስጥ ሊጉን ደግሞ አንሳር የሚባለው ክለብ ለብቻው ጠቅልሎት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ያነሣው ዋንጫ በተከታታይ አስራ አንደኛው ነው። እንዲህ ባለ ሊግ ውስጥ የአንሳር ሳይሆን የሌላ ክለብ ማሊያ ለብሶ ስምን ማስጠራት ቀላል ነገር አይመስለኝም።

የሬቫን ተወልዶ ለሊባኖስ መጫወቱም እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። በቤይሩት የአርመን ሕዝብ ሥር የሰደደው ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘመን እልቂት ጀምሮ ሲሆን፣ ጋዛርያን የተጫወተበት ሆመንትመን የዚያ ማኅበረሰብ ክለብ ነው። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1991 ሲፈርስ ደግሞ ከአርመንያ ወደ ቤይሩት ለሚመጣ ተጫዋች ቋንቋውን የሚያውቅ ክለብ፣ ቤተ ክርስቲያንና ሰፈር ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ይህን ስጽፍ የራሳችን ነገር ትዝ አለኝ። በ1936 ዓ.ም. አካባቢ አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው የክለቦች ውድድር ውስጥ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጎን የጣልያኖቹ ፎርቲቱዶና የአርመኖቹ አራራት ነበሩ። አርባ ልጆች የሚባሉት ወላጅ አልባ የአርመን ሙዚቀኞችም ለአገራችን ባንድ ያደረጉትን ማንም ያውቀዋል። እንግዲህ ከአርመኖች ጋር ያለን ትውውቅ ከሊባኖስ ሰዎች ብዙም አያንስም።

ወደ ጥያቄህ ስመለስ፣ ለእኔ ጋዛርያን ይበልጣል። በሁለት ጨዋታ አንድ ጎል ማስቆጠር ለማንኛውም ብሔራዊ ቡድን አጥቂ ትልቅ ነገር ነው።

እናት ዓለም (ከሸዋ ሮቢት)

የወንዶቹ ክርክር መሆኑን ባውቅም ሰባት ዓመት ቤይሩት ስለኖርኩ አንድ ነገር ልጨምር። መምህር ዘመንዝ ያሉት የአርመን ሰፈር ቡርጅ ሐሙድ ይባላል። እሑድ ዕረፍት ስናገኝ የምንሄድበት ነበር፤ በጠባቧ መንገድ ላይ ከወርቅ ቤቶቹና ከጫማ ሰፊዎቹ በላይ የኤሌክትሪክ ሽቦው እንደ ሸረሪት ድር ተተብትቦ ሰማዩን ይሸፍነዋል። አሠሪዬ የነበሩት ሰው በደመወዜ ብዙ ያንገላቱኝ ስለሆነ የዚያ ዘመን ትዝታዬ ሁሉ መልካም አይደለም፤ ኳሱን ግን እወደው ነበር።

እ.ኤ.አ. ኅዳር 15 ቀን 2011 ሊባኖስ ደቡብ ኮርያን 2 ለ 1 ያሸነፈችበትን ምሽት አልረሳውም። ለዓመታት የሊግ ጨዋታዎች በጸጥታ ምክንያት ያለ ተመልካች ሲካሄዱ የኖሩባት ከተማ ያን ቀን ስታዲየሙን ሞላችው። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፤ ከላይኛው ፎቅ ጩኸት፣ ከታች የመኪና ጥሩምባ፣ ከሁሉም ሰገነት ላይ ዝግባ ያለበት ባንዲራ። በቡድኑ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚያነሣቸው ሮዳ አንታርንና ሐሰን ማዕቱክን ነበር። የዚያን ጊዜ ወጣቶች የጋዛርያንን ስም ሲጠሩ አልሰማሁም፤ የሚያነሱት በዕድሜ የገፉት ነበሩ፣ በተለይም አርመኖቹ። እንግዲህ የጎል ቁጥር ብቻ ሳይሆን ሰው የት ቆሞ እንዳየውም የተጫዋቹን መጠን የሚወስን ይመስለኛል።

የጣርማበር በር ጠባቂ (ከደብረ ሲና)

ዘመንዝ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አልስማማም። እኔ የድሮ ግብ ጠባቂ ስለሆንኩ አጥቂን የማየው ከወዲያ ማዶ ነው። የጠያቂው ረዳት ያነሣው ጥያቄ ተገቢ ነው። ያ ትውልድ ያስቆጠረውን ስንቆጥር እ.ኤ.አ. በ2001 የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ላይ ሊባኖስ ፓኪስታንን 6 ለ 0 እና 8 ለ 1 ያሸነፈችባቸው ጨዋታዎችም በዚያው ሂሳብ ውስጥ ይገባሉ። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2000 ሊባኖስ ራሷ ባዘጋጀችው የእስያ ዋንጫ ላይ ቡድኑ በኢራን 4 ለ 0 ተሸንፎ፣ ከኢራቅ 2 ለ 2፣ ከታይላንድ 1 ለ 1 ወጥቶ ከምድቡ ቀርቷል። በሦስት ጨዋታ በጠቅላላው ሦስት ጎል መሆኑ ነው። ደካማ ተከላካይ ፊት ያለ አጥቂና ጠንካራ ተከላካይ ፊት ያለ አጥቂ አንድ ሰው ቢሆንም አንድ አይደለም።

ማዕቱክን ደግሞ ተመልከቱት። የሳጥን ውስጥ አጥቂ ሳይሆን ከግራ መስመር እየቆረጠ የሚገባ ነው፤ ያም ሆኖ ለብሔራዊ ቡድኑ ከ100 በላይ ጨዋታ አድርጎ ክብረ ወሰኑን ወሰደ። በአል አህድ ጀምሮ፣ በተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ክለቦች ዓመታትን አሳልፎ፣ ተመልሶም በነጅመህና በአንሳር ተጫውቷል። በቤይሩት እነዚህን ሦስቱን ክለቦች ማዳረስ ምን ማለት እንደሆነ እናት ዓለም ታውቀዋለች፤ የአንዱ ደጋፊ የሌላውን ሰፈር በማሊያ አያልፍም።

እናት ዓለም (ከሸዋ ሮቢት)

እሱስ እውነት ነው። የነጅመህ ሜዳ መናራ ላይ ባሕሩ ፊት ለፊት ነው፤ ደጋፊው የወይን ጠጅ ቀለም ለብሶ ሲመጣ የአንሳር አረንጓዴ ያደረገ ሰው መንገድ ይቀይራል። ሆኖም ማዕቱክን ሁለቱም ወገኖች ለአገር ሲጫወት ይወዱት ነበር።

ዘመንዝ (ከመሐል ሜዳ)

በር ጠባቂው ያነሣው ሚዛን ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሚዛን ከተነሣ ለሁለቱም ይነሣ። ማዕቱክ ከብሔራዊ ቡድኑ የተሰናበተው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 ባንግላዲሽን 4 ለ 0 ሲያሸንፉ ሦስቱን በማስቆጠር ነበር። ባንግላዲሽ ከፓኪስታን ትበልጣለች ብሎ የሚከራከር ካለ ቡናውን እኔ እከፍላለሁ። የፓኪስታን ጎል ከአንዱ ላይ ተቀንሶ የባንግላዲሽ ጎል ለሌላው የሚጨመርበት ምክንያት አይታየኝም።

የጣርማበር በር ጠባቂ (ከደብረ ሲና)

ተቀብያለሁ፤ ይህችን አላሰብኳትም። እንዲያውም ከራሴ ወገን ሌላ ምሳሌ ልጨምርልህ። እ.ኤ.አ. በ2019 የእስያ ዋንጫ ሊባኖስ ሰሜን ኮርያን 4 ለ 1 ስታሸንፍ ሦስተኛውን ጎል በፍጹም ቅጣት ምት ያስቆጠረው ማዕቱክ ነው። ከዚያ ጨዋታ በኋላ ሊባኖስና ቬትናም በነጥብ፣ በጎል ልዩነትና ባስቆጠሩት ጎል ብዛት እኩል ሆኑ፤ ቬትናም ያለፈችው ቢጫ ካርዷ በማነሱ ብቻ ነው። አንድ ጎል ቢጨመር፣ ወይም ጥቂት ተጫዋቾች አርፈው ቢጫ ባያዩ ኖሮ፣ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር። ስለዚህ የጎል ክብደት በተጋጣሚው ብቻ ሳይሆን በዚያ ሰዓት በነበረው ፍላጎትም ይለካል። በሁለቱ መካከል ግን አሁንም ማዕቱክን እመርጣለሁ፤ ብዙ ዓመት መቆየት ራሱ ችሎታ ነው፣ ከ30 በኋላ ጉልበት ምን እንደሚሆን በር ላይ የቆመ ሰው ያውቃል።

የበሬሳ ልጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እትዬ እናት ዓለም፣ በተለይ እርስዎ የነገሩን ምሽት ለልጆቹ እንዲነበብ አድርጌያለሁ፤ ሽንኩርቱን ሲሰሙ ሳቁ፣ ባንዲራው ላይ ሲደርሱ ዝም አሉ።

ለአጥቂዬ የጋዛርያንን ምሳሌ አልቀየርኩበትም፤ ለእሱ የሚሆነው እሱ ነው፣ ምክንያቱም ልጁ እንደ ማዕቱክ በመስመር መሮጥ አይችልም፣ ቆሞ ግን ኳሱ የት እንደሚመጣ ማሽተት ይችላል። ነገር ግን የልጆቹን ጎል በምጽፍበት ደብተር ላይ «ተጋጣሚ» እና «ውጤቱ ስንት ለስንት ሳለ» የሚሉ ሁለት ረድፎች አሰመርኩ። የዘንድሮውን ከመጀመሪያው ጀምሬ ስሞላው፣ ልጁ ካስቆጠራቸው 9 ጎሎች 5ቱ ስምንት ልጆች ብቻ ይዞ በመጣ ቡድን ላይ የገቡ ሆነው ተገኙ። ረዳቴ አይቶ ምንም አላለም፤ ልጁ ራሱ ግን ደብተሩን አገላብጦ «የደብረ ሲናዋን ለብቻዋ ጻፍልኝ» አለኝ። እሷ 1 ለ 1 ሳለን በመጨረሻው ደቂቃ የገባች ነች።