ገመድ አልባ ኪቦርድ፦ 2፣ ደብሊው፣ ኤስ እና ኤክስ ጭራሽ አይሠሩም፤ ሌሎቹም ፊደል ይዘላሉ

ጸሐፊው_12

ሰላም ለሁላችሁ። ኪቦርዱ ከማውሱ ጋር በአንድ ሪሲቨር የሚሠራ፣ ባለ 2.4 ጊጋኸርዝ፣ ሁለት ትሪፕል ኤ ድንጋይ የሚወስድ ተራ ሜምብሬን ነው። ኮምፒውተሩ ዴስክቶፕ፣ ዊንዶውስ 11። 2፣ ደብሊው፣ ኤስ እና ኤክስ ቢጫኑም ምንም የለም። የቀሩት ይሠራሉ፤ ግን ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ላይ ፋይል ሲገለበጥ ፊደል ይዘላሉ፣ ማውሱም ይንቀጠቀጣል። ሪሲቨሩ የተሰካው ከኋላ ሰማያዊው ዩኤስቢ ላይ፣ ከሀርድ ዲስኩ ገመድ ጎን ነው። ድንጋዩ አዲስ ነው። ላፕቶፕ ላይ ሲሞከር መዝለሉ ጠፋ፤ አራቱ ቁልፎች ግን እዚያም ዝም። አማርኛ የምጽፈው ኪይማን በሚባለው መጻፊያ ፕሮግራም ስለሆነ "ሰ"ም "ወ"ም የለኝም ማለት ነው። ይጠገናል ወይስ ሌላ ልግዛ?

ሽቦ_ቆጣሪ

ሁለት የተለያየ ብልሽት ነው ያለህ። ለየብቻ ያዛቸው።

መዝለሉ የሪሲቨሩ ቦታ ጣጣ ነው። ዩኤስቢ 3.0 ዳታ ሲያስተላልፍ ከሶኬቱና ከገመዱ የሚወጣው የሬዲዮ ረብሻ ልክ 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያርፋል፤ ኢንቴል በ2012 ይህንኑ ለክቶ ሰነድ አውጥቶበታል። ሀርድ ዲስኩ ሥራ ሲበዛበት የሚብስብህም ለዚህ ነው። ሪሲቨሩን ወደ ጥቁሩ ዩኤስቢ 2.0 አዛውረው። ከዚያ የሚሻለው ደግሞ በ1 ሜትር ኤክስቴንሽን ገመድ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ከኋላ ሲሆን የኬዙ ብረት ራሱ ሲግናሉን ይጋርደዋል። ድንጋይ መቀያየር ለዚህ አይረዳም።

አራቱ ቁልፎች ሌላ ናቸው። ኪቦርድ ውስጥ ለእያንዳንዱ ቁልፍ ለብቻው የተዘረጋ ሽቦ የለም። ቁልፎቹ የአግድምና የቁልቁል መስመሮች መገናኛ ላይ ይቀመጣሉ፤ ስትጫን ሁለቱ መስመሮች ይነካካሉ፣ ቺፑም የትኛው ከየትኛው ጋር እንደተነካካ አይቶ ፊደሉን ያውቃል። 2፣ ደብሊው፣ ኤስ እና ኤክስ በብዙ ኪቦርዶች አንድ መስመር ይጋራሉ። አንድ ቁልፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ፍርፋሪ ገብቶበታል እንል ነበር። እነዚህ አራቱ አብረው ከሞቱ ግን የተቆረጠው መስመሩ ነው።

ሰሌዳ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ብቻ ብሎን ከመፍታትህ በፊት ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር አጣራ። የዊንዶውስ ቁልፍን፣ ኮንትሮልንና የእንግሊዝኛውን "ኦ" ፊደል አንድ ላይ ስትጫን ስክሪን ላይ ኪቦርድ ይመጣል። ኪይማንን ወደ እንግሊዝኛ መልሰህ እውነተኛውን ኤስ ተጫን፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ኤስ ካልበራ ጥፋቱ የኪይማን አይደለም። የቀኙን ሺፍት 8 ሰከንድ ይዞ መቆየት ፊልተር ኪስን እንደሚያበራም እወቅ፤ እሱ ሲበራ ቶሎ ቶሎ የተነኩ ቁልፎች ሁሉ ችላ ይባላሉ እንጂ አራት ተለይተው አይሞቱም። ድራይቨር አጥፍተህ ጫን የሚልህን አትስማ፤ ሌሎቹ ቁልፎች እየሠሩ ከሆነ ድራይቨሩ ደህና ነው።

ካቻቢቴ

ይከፈታል። መጀመሪያ ድንጋዮቹን አውጣ። የሚታዩትን ብሎኖች ፈትተህ ክዳኑ እምቢ ካለ አታስገድደው፤ አንድ ብሎን ከተለጠፈው ወረቀት ወይም ከላስቲክ እግሮቹ ሥር ተደብቆ ይሆናል። ወረቀቱን በጣትህ ስትዳብሰው ጎድጎድ የሚል ቦታ ታገኛለህ። ከዚያ ጠርዙን በቀጭን ፕላስቲክ እየዞርክ አላቅ። ቁልፎቹ ወደ ታች እንዳሉ ይቆዩ፣ አለዚያ ትንንሾቹ ላስቲኮች ይበተናሉ።

ውስጡ ሦስት ድርብ ላስቲክ ወረቀት አለ፤ የላይኛውና የታችኛው ላይ ብርማ መስመሮች ታትመዋል፣ መካከለኛው ለያይቶ ይይዛቸዋል። መስመሮቹ ተሰብስበው ጭራ በሚመስል ጫፍ ይወጡና ትንሿ ቦርድ ላይ ባሉት ጥቋቁር ኮንታክቶች ላይ ይተኛሉ። እዚያ ሶልደር የለም፤ አጥብቆ የያዛቸው በብሎን የታሰረ ዘንግ ብቻ ነው። ብሎኑ ትንሽ ሲላላ ወይም ኮንታክቱ ሲቆሽሽ መስመር ይጠፋል፤ መጀመሪያ የሚታየውም እዚህ ነው። ኮንታክቶቹን በነጭ ላጲስ ቀስ ብለህ ጥረግ፣ ከዚያ አይሶፕሮፒል አልኮል በነካ ጥጥ አጽዳ፤ 90 ከመቶና ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል። 70 ከመቶው ውኃ ስላለበት እስኪደርቅ ጊዜ ስጠው። ብርጭቆ ወረቀትና ምላጭ አታስነካው፣ ጥቁሩ ሽፋን ስስ ነው።

ካልተስተካከለ ማልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርገህ ከጭራው እስከ ቁልፉ ክብ ድረስ ለካ። ደህና መስመር ከአሥር ኦሞች እስከ መቶዎቹ ያነባል፣ የተቆረጠው ኦኤል (ግንኙነት የለም) ይላል። የመለኪያውን ሹል ጫፍ አትጫነው፣ ብሩን ይፍቀዋል።

የድንጋዩን ቤትም እግረ መንገድህን እይ። የአልካላይን ድንጋይ ፈሶ ነጭ ቅርፊት ከሠራ በአቼቶ ወይም በሎሚ ጠብታ ጥረገው፣ ከዚያ በአልኮል ድገመው።

ጸሐፊው_12

እናመሰግናለን። ሪሲቨሩ ጥቁሩ ላይ ሲገባ መዝለሉ ቆመ። ኮንታክቶቹ ተጠርገዋል፣ ዘንጉም ጠብቋል፤ አራቱ ግን አልተነሡም። ማልቲሜትሩ አራቱ ክቦች እርስ በርስ እንደተገናኙ ያሳያል፤ ከጭራው ወደ 2 ግን ኦኤል ነው። ከጭራው 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ መስመሩ ላይ ሽንብራ የማታክል አረንጓዴ ወደ ጥቁር ያደላ ነጥብ አለች።

ካቻቢቴ

ቦታው እሱ ነው። ፈሳሽ ገብቶ ብሩን በልቶታል። ሶልደር አታስጠጋ፣ ላስቲኩ ወዲያው ይቀልጣል። የሚያስፈልግህ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ የብር ቀለም ነው። ነጥቧን በአልኮል አጽዳ፤ መስመሩ ከላይ የመከላከያ ሽፋን ካለው ከነጥቧ ወዲህና ወዲያ 5 ሚሊ ሜትር ያህል በጥፍርህ ቀስ ብለህ ግለጠው። ግራና ቀኝ ያሉትን መስመሮች በቴፕ ሸፍን፣ ቀለሙ ከጎረቤት መስመር ከነካ አንድ ስትጫን ሁለት ፊደል ይመጣል። በጥርስ መፈቅፈቂያ ስስ አድርገህ ቀባ፣ አንድ ሌሊት ይደር፣ ከመግጠምህ በፊት ዳግም ለካ። ድርብርቦቹ ተጣብቀው ከሆነ አትገንጥላቸው፤ ሲላቀቁ ሌላ መስመር ይዘው ይቀደዳሉ። ያኔ ኪቦርዱን ተወው፤ ቀለሙም ቢሆን ከተራ ኪቦርድ በላይ ዋጋ ከተጠራበት አያዋጣም።

ሰሌዳ

አዲስ ብትገዛም የድሮውን ሪሲቨር እንዳትጥል፣ ማውስህ የሚሠራው በእሱ ነው። እስከዚያው ፓወርቶይስ በሚባለው የማይክሮሶፍት ፕሮግራም ውስጥ ኪቦርድ ማናጀር የሚባል አለ፤ የማትጠቀምባቸውን ቁልፎች፣ ለምሳሌ ኤፍ 6ን እስከ ኤፍ 9፣ በሞቱት አራት ፋንታ ትመድባቸዋለህ። ፓስወርድ የሚጠየቅበት ስክሪን ላይ ግን አይሠራም። ፓስወርድህ 2 ወይም ደብሊው ካለበት እዚያው ስክሪን ላይ ከታች በስተቀኝ ያለውን የአክሰሲቢሊቲ ምልክት ነክተህ የስክሪኑን ኪቦርድ ክፈትና በማውስ ጻፍ።