ሊንከንሻየር ገጠር ቤት ልንከራይ ነው፤ ለልጆች ሰላም ነው ወይ?

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ነርስ ነኝ። ላለፉት አራት ዓመታት የኖርነው ሌስተር ነው። አሁን ሊንከንሻየር ሥራ አገኘሁና ከሆርንካስል ጥቂት ማይል ወጣ ብላ ባለች ትንሽ መንደር ቤት አይተናል። ነዋሪዋ 380 ገደማ ነው። አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ መጠጥ ቤት፣ አንድ የአውቶቡስ ማቆሚያ፣ በቃ። ቤቱ ሰፊ ጓሮ አለው፣ ኪራዩም አሁን ከምንከፍለው ያንሳል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ትናንት ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ የወንጀል ቁጥር የሚያወጣ አንድ ድረ ገጽ ከፍቼ የመንደሯን ስም ጻፍኩ። በዓመት 31 ወንጀል፣ ከ1,000 ሰው 82 ይላል፣ በቀይ ቀለም። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። አሁን ያለንበት ሰፈር እንኳ እንዲህ ቀይ ሆኖ አይታይም። ባለቤቴ "ገጠር እኮ ነው፣ ማን ይነካናል" ይላል። እኔ ግን የሳምንቱን ግማሽ ሌሊት ነው የምሠራው፣ እሱ ብቻውን ነው ከልጆቹ ጋር የሚያድረው። ጥቁር ቤተሰብ ደግሞ እኛ ብቻ ነው የምንሆነው።

በዚያ ላይ ቤቱን ልናይ የሄድን ጠዋት ከማሳው በኩል ተኩስ ሰማሁ። ሦስት ጊዜ፣ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ሦስት ጊዜ። ቤቱን ያሳየችን ልጅ ምንም እንዳልተፈጠረ ወሬዋን ቀጠለች። እኔ ልጄን ጭምቅ አድርጌ ያዝኩት። ከየት እንደመጣን ታውቃላችሁ፣ ተኩስ ሰምቼ እንዳልሰማ መሆን አልችልም።

ገጠር የኖራችሁ እውነቱን ንገሩኝ። ውሉን እስከ ዓርብ መፈረም አለብኝ።

መልስ፦ ቁጥር ወዳጅ

እህቴ፣ መጀመሪያ ያን ቀይ ቀለም ተይው። ነዋሪው 380 ሲሆን አንድ ብስክሌት ቢሰረቅ ብቻ ከ1,000 ሰው 2.6 ይጨምራል። ያው 31 ወንጀል 15,000 ሰው ባለበት የከተማ ሰፈር ቢፈጸም ቁጥሩ 2 ብቻ ነበር የሚሆነው። ለትልቅ ከተማ የተሠራ ሚዛን ለትንሽ መንደር አይሆንም። በመንደሯ የሚያልፍ፣ የሚዝናና፣ በበጋ ካራቫን ይዞ የሚመጣ ሰውም 380 ውስጥ አይቆጠርም፣ እሱ ላይ የደረሰው ወይም እሱ ያደረሰው ግን በመንደሯ ስም ይመዘገባል።

ሌላ ሰው የሠራውን ደረጃ ትተሽ ዋናውን ምንጭ ክፈቺ፣ ፖሊስ ዶት ዩኬ ይባላል። ከ2011 ጀምሮ ወንጀሎችን በካርታ ላይ በየወሩ ያወጣል። ፖስትኮዱን አስገቢና 12ቱን ወር አንድ በአንድ እዪ። ሁለት ነገር ልብ በይ። አንደኛ፣ ነጥቡ ያረፈበት ቦታ ትክክለኛው ቤት አይደለም። የሰው ማንነት እንዳይታወቅ ብለው በአቅራቢያው ወዳለ አስቀድሞ ወደተመረጠ ነጥብ ነው የሚያስጠጉት፣ ገጠር ላይ ደግሞ ያ ነጥብ ራቅ ሊል ይችላል። ሁለተኛ፣ "ጥቃትና ወሲባዊ ወንጀል" የሚለው ርዕስ በብዙ ቦታ ትልቁ ነው፣ ስሙም ያስደነግጣል። ውስጡ ግን በስልክ መልእክት ማስፈራራት፣ ማዋከብ፣ ምንም ጉዳት ያላደረሰ መገፋፋት ሁሉ አለ። ከባድ ነገር የለበትም አላልኩም። ርዕሱን ብቻ አይተሽ ግን አትወስኚ።

በኤ158 አጠገብ ከሆነ ቤቱ፣ ነጥቦቹ መንገዱ ላይ ናቸው ወይስ መንደሯ ውስጥ? እሱን አይተሽ ተመለሺና ንገሪን። ወደ ስኬግነስ የባሕር ዳርቻ የሚሄደው የበጋ መንገደኛ ሁሉ በዚያ ነው የሚያልፈው።

መልስ፦ የኖርፎኩ

ኖርፎክ ገጠር ዘጠኝ ዓመት ኖሬአለሁ፣ ቤቴ በሁለት በኩል በእርሻ የተከበበ ነው። ስለ ተኩሱ ልንገርሽ። ሦስት ጊዜ ተከታትሎ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሦስት ጊዜ ከሆነ፣ ያ የወፍ ማባረሪያ ነው። በጋዝ የሚሠራ ቱቦ ማሳው መሐል ያስቀምጣሉ፣ በየተወሰነ ደቂቃ ራሱ ይጮኻል፣ እርግብ ከቡቃያው ላይ እንዲነሳ። አገራችን ልጅ ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ማሽላ ይጠብቅ የለ? ያው ነው፣ እዚህ ልጁን ማሽን ተክቶታል። ከጥቅምት 1 እስከ የካቲት 1 ባለው ጊዜ ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ፌዛንት የምትባል ወፍ አደን ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እውነተኛ የአደን ጠመንጃ ትሰሚያለሽ። ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ናቸው።

አንድ ሌላም ልጨምር፣ ማንም አይነግርሽምና። ጥር አካባቢ ሌሊት ሴት እየታረደች የምትጮህ የሚመስል ድምፅ ትሰሚያለሽ። ቀበሮ ናት። እኔ የመጀመሪያው ዓመት ባትሪ ይዤ በፒጃማ ወጥቻለሁ። እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ወደ ወንጀሉ ስመጣ፣ የገጠር ሌባ ከሰው ይልቅ ዕቃ ነው የሚፈልገው። ባለ አራት ጎማ ሞተር፣ የትራክተር ጂፒኤስ፣ በግ፣ ናፍጣ። የገበሬዎች ኢንሹራንስ የሆነው ኤንኤፍዩ ሙቹዋል በ2024 የገጠር ስርቆት በመላው ብሪታኒያ ያደረሰውን ኪሳራ 44.1 ሚሊዮን ፓውንድ ብሎ ነው የገመተው፣ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 52.8 ሚሊዮን ነበር። ነገሩ ስለከፋ ነው በ2023 አዲስ ባለ አራት ጎማ ሞተር ሲሸጥ መነሻ መቆለፊያ እንዲኖረው ለማስገደድ የሚያስችል ሕግ የወጣው። አንቺ ትራክተር የለሽም። አንቺን የሚመለከትሽ የላምባው ታንክ ነው። ብዙ መንደር የጋዝ መስመር ስለሌለው ቤቱ የሚሞቀው ጓሮ በተቀመጠ ላምባ ነው። ታንኩ ከመንገድ የሚታይ ከሆነ፣ ጠንካራ ጓጉንቸር፣ ላዩ ላይ ብርሃን፣ ዙሪያው እሾሃማ ቁጥቋጦ። መጠኑ ድንገት ሲቀንስ ስልክሽ ላይ የሚነግርሽ መሣሪያም አለ፣ ውድ አይደለም። እኔ አንድ ክረምት አንድ ታንክ ሙሉ ወስደውብኛል፣ የገባኝ ቤቱ ሲቀዘቅዝ ነው።

ሊንከንሻየር ላይ ደግሞ አንድ የታወቀ ችግር አለ፣ ጥንቸል በውሻ ማሳደድ። መከሩ ከተነሳ በኋላ ሰዎች በመኪና መጥተው ባዶ ማሳ ላይ ውሻ ይለቃሉ፣ ቁማር ይወራረዳሉ። ከ2004ቱ የአደን ሕግ ወዲህ በሕግ የተከለከለ ነው፣ በ2022 ቅጣቱ ከበደ። የሊንከንሻየር ፖሊስ ኦፕሬሽን ጋሊሊዮ ብሎ ለብቻው ይከታተላቸዋል። እነዚህን ካየሽ አትጠጊ፣ ፎቶ ላንሳ አትበይ። ገበሬ የሚደበድቡ ሰዎች ናቸው። በርሽን ዘግተሽ ደውይ።

መልስ፦ ሚሚ ከሽሮፕሻየር

እህት ዓለም፣ እኔ ቤት ለቤት ተንከባካቢ ነኝ፣ ሌሊት በመኪና ከእርሻ እርሻ ነው የምዞረው፣ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ስለ ቀለማችን ስለጠየቅሽ እሱን ልመልስ።

ያዩሻል። መጀመሪያ ሰሞን መደብር ስትገቢ ወሬ ይቆማል። ብዙው ክፋት አይደለም፣ አዲስ ሰው ማየት ነው። አንድ ቀን ግን መኪና ውስጥ ያለ ጎረምሳ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ሰድቦኝ አለፈ። "ምን ያደርጉልኛል" ብዬ ልተወው ነበር። አለቃዬ ናት በግድ 101፣ አስቸኳይ ላልሆነ ነገር የፖሊስ ስልክ፣ ያስደወለችኝ። ፖሊሷ ቤቴ ድረስ መጣች፣ ቁጥር ሰጠችኝ፣ ልጁ ባይያዝም ነገሩ ተመዘገበ። ከዚያ በኋላ ያች ፖሊስ ባለፈች ቁጥር ትጠይቀኛለች። አንቺም ትንሽ ናት ብለሽ አትለፊ፣ አስመዝግቢ። በ2024 በፈረንጅ ሐምሌ መጨረሻ በስደተኞች ላይ የተነሳው ረብሻ ጊዜ እኔም ፈርቼ ነበር፣ ግን ያ በአብዛኛው ከተማ ውስጥ ነው የነበረው። የኔ አዛውንቶች እኮ እየደወሉ "ደኅና ነሽ ወይ፣ ብቻሽን እንዳትሆኚ" ይሉኝ ነበር።

ሌላ፣ እባክሽ ዓይን የሚያቃጥለውን ርጭት ከውጭ አታስመጪ። እዚህ አገር መያዙ ራሱ ወንጀል ነው፣ እንደ ጦር መሣሪያ ነው የሚታየው። የሚጮኽ ትንሽ ማንቂያ ይፈቀዳል፣ እሱን ያዢ። ሁሌም ከግማሽ በላይ ነዳጅ፣ መኪና ውስጥ ቻርጀር፣ ብርድ ልብስ።

እኔን በጣም ያስቸገረኝ ሌባ አልነበረም፣ ብቸኝነት ነው። በአራት ሰዓት መብራት ሁሉ ይጠፋል፣ ቡና ጠጡ የሚልሽ የለም። ስለዚህ አንቺ ጀምሪ። እኔ በመጀመሪያው ወር ዳቦ ጋግሬ ሦስት ቤት አንኳኳሁ። ዛሬ ቁልፌ ያለው ከነዚያ አንዷ ጋ ነው።

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በተለይ ስለ ወፉ ማባረሪያ። ለባለቤቴ ሳነብለት አብረን ተነፈስን።

አንድ የቀረኝ አለ። ባለቤቴ ብቻውን እያለ ሌሊት አንድ ነገር ቢፈጠር ፖሊስ በስንት ደቂቃ ይደርሳል? በአቅራቢያው ጣቢያ የለም።

መልስ፦ ጋሽ ጡረተኛው፣ ዮርክሻየር

ልጄ፣ ደቂቃ ቆጥሬ ልነግርሽ አልችልም፣ ነገር ግን ከከተማ ይዘገያል፣ መንገዱ ጠባብ፣ መኪናው ጥቂት ነው። ስለዚህ ፖሊስ እስኪመጣ የሚሆነውን ነው ማሰብ ያለባችሁ። የመኝታ ክፍሉ በር ከውስጥ ይቆለፍ። ስልክ አልጋ አጠገብ ይደር። ቤት ውስጥ ኔትወርክ የማይዝ ከሆነ የዋይፋይ ጥሪን አብሩ፣ ብዙ ገጠር ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ነው።

ሕይወት የሚያሰጋ ወይም ሌባው ገና ቤት ውስጥ ከሆነ 999። ካለፈ በኋላ ከሆነ 101። መናገር የማይቻልበት ሁኔታ ከሆነ ከሞባይል 999 ደውሎ ሲጠየቁ 55 መጫን ነው፣ ወደ ፖሊስ ያስተላልፉታል። 55 ያላችሁበትን አያሳያቸውም፣ መስመሩ ላይ ቆዩ። ስም ሳትሰጡ ጥቆማ ለመስጠት ክራይምስቶፐርስ አለ፣ 0800 555 111። የገጠር ፖስትኮድ ሰፊ ማሳ ሊሸፍን ይችላል፣ አምቡላንሱ በስሕተት የጎረቤት እርሻ ይገባል። ዋት ስሪ ወርድስ የሚባለውን፣ እያንዳንዱን ቦታ በሦስት ቃላት የሚጠራ መተግበሪያ ጫኑና የራሳችሁን በር ሦስት ቃላት ጽፋችሁ ፍሪጅ ላይ ለጥፉ፣ ለልጆቹም አስተምሩ።

ጎረቤት ግን ከሁሉም ይቀድማል። ኔይበርሁድ ዎች የሚሉት የሰፈር ጥበቃ በዚህ አገር የተጀመረው ከተማ እንዳይመስልሽ፣ በ1982 ቼሻየር ውስጥ ሞሊንግተን በምትባል መንደር ነው። እንደኛ ዕድር ዝርዝር ይኖራቸዋል። መንደሯ ውስጥ ካለ ተመዝገቡ፣ ፓሪሽ ካውንስል የሚሉት የመንደር ምክር ቤት ጸሐፊ ታውቃለች፣ ዋትሳፕም ይኖራቸዋል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ልጆቹና መንገዱ ነው። በዚህ አገር በመኪና አደጋ ከሚሞተው ሰው አብዛኛው የሚሞተው ገጠር መንገድ ላይ ነው። ከመንደሩ ስትወጪ በሰዓት 60 ማይል ይፈቀዳል፣ የእግረኛ መንገድ የለም፣ አጥሩ ቅጠል ስለሆነ ከጥምዝ በኋላ ምን እንዳለ አይታይም። የእግረኛ መንገድ በሌለበት በቀኝ በኩል፣ የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት እያያችሁ ሂዱ። አንጸባራቂ ሰደርያ ግዢላቸው። ትምህርት ቤቱ ከ8 ዓመት በታች ላለ ልጅ ከ2 ማይል፣ ከዚያ በላይ ላለ ከ3 ማይል ከራቀ፣ የቅርቡ ትምህርት ቤት እስከሆነ ድረስ መጓጓዣው ነፃ ነው። ባይርቅም መንገዱ ለእግር አደገኛ ከሆነ ጠይቂ። ካውንቲው ምክር ቤት ነው የሚሰጠው።

መልስ፦ የሁለት ልጆች እናት

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልኝ። ቁጥር ወዳጅ፣ እንዳልከኝ አደረግኩ። ካርታውን ከፍቼ ከባለቤቴ ጋር 12ቱን ወር ቆጠርን። ከ31ዱ 19ኙ ከመንደሯ ውጭ ኤ158 ላይ ካለው የመኪና ማቆሚያና ከካራቫኑ ቦታ ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ተሰብስበው። መንደሯ ውስጥ ካሉት አራቱ አንድ ነጥብ ላይ፣ በአንድ ወር ነው፣ አንድ ቤት የተጣሉ ይመስለኛል። አንድ የሼድ፣ የጓሮ ዕቃ ቤት፣ ስርቆት አለ። ያንን አምኜ ተቀበልኩ።

ቅዳሜ ተመልሰን ሄድን፣ በዚህኛው ጊዜ ሳንነግራቸው፣ ሲመሽ። ጨለማው ጨለማ ነው፣ ኮከብ ይታያል። የላምባው ታንክ ከመንገድ አይታይም፣ ጓጉንቸሩ ግን ዝጎ በእጄ ተፈታ። አዲስ እንዲገዙ ውሉ ላይ አስጻፍኩ። አንድ አዛውንት ውሻ ይዘው ሲያልፉ አዩንና ቆሙ። ባለቤቴ ሰላምታ ሰጣቸው። ስለ ተኩሱ ስጠይቃቸው ሳቁና ወደ ማሳው ወሰዱን፣ ትንሹ ልጄ ቱቦውን በእጁ ነካው፣ ሲጮህ ደንግጦ ወደቀ፣ ከዚያ "እንደገና!" አለ። ሰውየው ሦስተኛው ቤት ናቸው። ስልካቸውን ሰጡን።

ፈርመናል። የምንገባው ወር ከገባ በኋላ ነው። ሚሚ፣ የምን ዳቦ ነበር የጋገርሽው፣ ድፎ ነው ወይስ የፈረንጅ?

መልስ፦ ሚሚ ከሽሮፕሻየር

እሰይ! ድፎ ነው እንጂ። ጥቁር አዝሙድ ጨምሪበት፣ ምንድነው ብለው ሲጠይቁሽ ወሬው በዚያ ይጀመራል። ለውሻውም ሰውዬ ትልቁን ቁራሽ።