ስልክ ያየውን ጎል ዳኛው ይይ ወይስ አይይ?

ከደሴ (ጥያቄውን ያነሳሁት እኔ ነኝ)፦
ባለፈው እሁድ የሰፈር ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ነበረን። 0 ለ 0 እያለን የኛ ልጅ ከሩቅ መታት። ኳሷ አግዳሚውን ገጭታ ወደ ውስጥ ነጠረችና ተመልሳ ወጣች። ዳኛው "ቀጥሉ" አለ። ረዳት ዳኛው ከመጨረሻው ተከላካይ ጋር ነበር፤ ከዚያ ሆኖ የጎሉን መስመር አያየውም። ከጎሉ ጀርባ የቆመ አንድ ታዳጊ ግን በስልኩ ቀርጾታል። ኳሷ ሙሉ በሙሉ አልፋለች። ወላሂ፣ እስከ ማታ ሃያ ጊዜ ነው ያየሁት። ጨዋታው ሲያልቅ ለዳኛው ብናሳየው "አላይም" ብሎ ፊቱን አዞረ። 1 ለ 0 ተሸንፈን ወጣን። ልጆቹ ሜዳው ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ሁላችንም ያየነውን እንዲፈርድ የተሰየመው ሰው ብቻ ለምን አያይም? የቪዲዮ ማስረጃ በደንባችን ይግባ ባይ ነኝ።

ከኮምቦልቻ (የቀድሞ ዳኛ)፦
ልጄ፣ የልጆቹ ለቅሶ ይገባኛል። ዳኛው ግን አላጠፋም። ጨዋታው ቆሞ እንደገና ከተጀመረ ወይም ካለቀ በኋላ ዳኛ እንዲህ ያለ ውሳኔውን መቀየር አይችልም፤ ሕጉ ነው። ቫር (በቪዲዮ የሚያዩ ረዳት ዳኞች) ባለበት ሜዳም ያው ነው። ደግሞስ የማን ስልክ ነው? ለናንተ የማይመች ቪዲዮ የያዘ ደጋፊያችሁ ያወጣው ነበር? እኔ ስዳኝ ሰው ከቦኝ ያውቃል። ያ ሁሉ ሰው ስልክ ደግኖ ቢከበኝ ቪዲዮውን አላይም፤ የማያት መውጫዬን ነው።
መሣሪያ ካለም ይበላሻል። እ.ኤ.አ. በ2019 የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ቱኒዚያ ላይ ምን ሆነ? የሞሮኮው ዋይዳድ ያገባው ጎል ተሻረ። ተጫዋቾቹ ቫር ይታይ ሲሉ ቫሩ እንደማይሠራ ተነገራቸው። አንጫወትም አሉ፤ ጨዋታው እዚያው ቀረ። የአህጉር ፍጻሜ እንዲህ ከሆነ የሰፈር ዋንጫ ምን ሊሆን ነው?

ከወልዲያ፦
ጋሼ፣ አክብሬዎት አልስማማም። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2013) ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ ከናይጄሪያ ጋር ስንጫወት አዲስ አበባ ስታዲየም ነበርኩ። 2 ለ 1 ተሸነፍን። "መስመር አልፋለች" ብለን የጮኽንባት አንዲት ኳስ ነበረች፤ ዛሬም ቡና ላይ ስንከራከርባት እናመሻለን። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፦ ከዚያ አራት ወር ቀደም ብሎ ብራዚል ላይ በተደረገው የኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የጎል መስመር ቴክኖሎጂ ይሠራ ነበር። ለምን? እ.ኤ.አ. በ2010 ዓለም ዋንጫ የእንግሊዙ ላምፓርድ ኳስ ጀርመን ጎል ውስጥ ገብታ ስላልተቆጠረች ዓለም ጮኸ። እ.ኤ.አ. በ2012 ቴክኖሎጂው ተፈቀደ። እንግሊዝ ስታለቅስ ሕግ ይሻሻላል፤ የኛ ልጆች ሲያለቅሱ "ልመዱት" ይባላሉ።
የዳኛ ክብር ይነካል የሚል ካለ ደግሞ የኛን ዳኛ ባምላክ ተሰማን ያስታውስ። በ2022 የአፍሪካ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ለሴኔጋል ሁለት ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ። ሁለቱንም በቫር ሻረ፤ ያውም በአንድ አጋማሽ። ክብሩ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

ከሐይቅ (የሴቶች ቡድን አሰልጣኝ)፦
የደሴው ወንድሜ፣ አብሽር። ሕመሙን አውቀዋለሁ። ግን ስለ ካሜራ ከማውራታችን በፊት ስለ ሰው እናውራ። የኛ ጨዋታ ላይ ስንት ጊዜ ነው ዳኛው ብቻውን የሚመጣ? ባንዲራው ከተመልካች መሐል ለተገኘ ሰው ይሰጣል። ያ ሰው ከጨዋታ ውጪን እንኳ በቅጡ አያውቅም። አበሉም ለትራንስፖርት አይበቃ።
በ2023 ቶተንሃም ከሊቨርፑል ሲጫወቱ የሉዊስ ዲያዝ ጎል ከጨዋታ ውጪ ተባለ። ቫር ክፍል ያሉት አዩት፤ ጎሉ ትክክል ነበር። ነገር ግን ሜዳ ላይ የጸደቀ መስሏቸው "አይተን ጨርሰናል" አሉ። ጨዋታው ቀጠለ፣ ጎሉ ቀረ። ካሜራው አልተሳሳተም፤ ሰዎቹ ናቸው ያልተግባቡት። ስለዚህ ያለችን ገንዘብ መጀመሪያ ለሁለት የሠለጠኑ ረዳት ዳኞች ትዋል።

ከወልዲያ፦
እቴ፣ ረዳት ዳኞቹን እደግፋለሁ። ግን እሁድ የጠፋችውን ኳስ የሠለጠነ ረዳትም አያያትም፤ ቦታው አይደለማ! ደግሞ ርካሽ መንገድ አለ። በ2024 ኮሎምቢያ ላይ በሴቶች ከ20 ዓመት በታች ዓለም ዋንጫ የተሞከረውን እዩ። የቫር ክፍል የለም። አሰልጣኝ ለአራተኛው ዳኛ ካርድ ሰጥቶ "ይታይልኝ" ይላል። በጨዋታ ሁለት ዕድል አለው፤ ትክክል ከሆነ ዕድሉ አይቃጠልበትም። የሚያየው ራሱ ዳኛው ነው። ጥቂት ካሜራ ላላቸው ውድድሮች የታሰበ ነው።

ከደሴ፦
ጋሼ፣ ስለ ስልኩ አንቱ ያሉት ልክ ነው። የደጋፊ ስልክ ይቅር። እኔ የምለው፦ በየጎሉ በመስመሩ ትክክል አንዳንድ ካሜራ ይተከል፣ የኮሚቴው ይሁን። ለአንድ ቡድን አንድ ጥያቄ፣ ያውም ኳስ ገብታለች አልገባችም ለሚለው ብቻ። ጨዋታው ሳይቀጥል ዳኛው ብቻውን ይየው። ማንም አይጠጋው።

ከኮምቦልቻ፦
ይሄኛው ከበፊቱ ይሻላል። እንዲህም ሆኖ ልቤ አልተቀበለውም፤ ሕጉ ያልፈቀደልንን በራሳችን ደንብ ስናስገባ ነገ ሌላውም ይከተላል። ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የእሁዱን ዳኛ ስለዚህ ነገር አነጋግራችሁታል?

ከደሴ፦
አላነጋገርነውም። በማግሥቱም ጨዋታ ነበር፤ እሱ ግን አልመጣም። ነገ ቤቱ እሄዳለሁ። ስልኩን አልይዝም።