ካቶሊክ ሆኖ የቴሌቪዥን ኮሜዲ መጻፍ ይቻላል?

የከዚራ ልጅ (ድሬዳዋ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለቁምስናችን ወጣቶች አጫጭር አስቂኝ ድራማ እጽፋለሁ። ምኞቴ ለቴሌቪዥን መጻፍ ነው። አክስቴ ግን «ቆራቢ ሴት ሰው በማሳቅ ትተዳደር?» ትለኛለች። እወዳታለሁ፣ ቃሏ ይከብደኛል። እምነቱን ሳይደብቅ ከዚህ ሥራ እንጀራ የበላ ታውቃላችሁ?

የሐረሯ እናት፦
አቦ ልጄ፣ የስቲቨን ኮልበርትን ሕይወት እይው። አሜሪካዊ ነው፤ ሰው የሚያውቀው በቴሌቪዥን ኮሜዲ አቅራቢነቱ ነው፣ እኔ የምወደው ጽሑፉን ነው። ለካቶሊክ ቤተሰብ 11ኛና የመጨረሻ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 አባቱና ሁለት ወንድሞቹ በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። ያኔ 10 ዓመቱ ነበር። ታላላቆቹ ከቤት ወጥተው ስለነበር ከእናቱ ጋር ለብቻቸው ቀሩ። እናቱ እምነቷን አልጣለችም። እሱ ግን ኮሌጅ ሲገባ እግዚአብሔር የለም አለ። በኋላ ቺካጎ ውስጥ፣ ኃይለኛ ብርድ በነበረበት ቀን፣ መንገድ ላይ አንድ ሰው ትንሽ አዲስ ኪዳን ሰጠው። እዚያው ቆሞ የተራራውን ስብከት አነበበ። «አትጨነቁ» የሚለው ያዘው፤ ራሱ ደጋግሞ ተናግሮታል።

ሥራውም ቢሆን ቀስ እያለ ነው የመጣው። ቺካጎ በሴከንድ ሲቲ ቲያትር የኮሜዲያኑ የስቲቭ ካሬል ተተኪ ተዋናይ ነበር። እዚያ ጨዋታውን መድረክ ላይ እየፈጠሩ ነው የሚጽፉት። እ.ኤ.አ. በ1996 ዳና ካርቪ ሾው ለሚባል የቴሌቪዥን ኮሜዲ ጸሐፊና ተዋናይ ሆነ፤ ፕሮግራሙ ወዲያው ተቋረጠ። በ1997 ዴይሊ ሾው ወደሚባለው በዜና የሚቀልድ ፕሮግራም ገባ፣ በ2005 የራሱን ፕሮግራም ኮልበርት ሪፖርትን ጀመረ። በዚህ ሁሉ መሀል በቁምስናው ለሕፃናት ትምህርተ ክርስቶስ ያስተምር ነበር!

ለአክስትሽ ይህን ንገሪያት። እኛ ጋ ለቅሶ ቤት፣ በሦስተኛው ቀን፣ አንዱ ጨዋታ አምጥቶ ሐዘንተኛውን ያስቃል። ኃጢአት ነው ያለው የለም። እንዲያውም የሚመረቀው እሱ ነው።

ሳቢያን፦
ልጨምር። እ.ኤ.አ. ሰኔ 14 ቀን 2024 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ከ100 በላይ ኮሜዲያኖችን ቫቲካን ጠርተው ነበር። ኮልበርትም ነበረ። ከምንወደው ሰው ጋር እንደምንቀልድ በእግዚአብሔርም ላይ መሳቅ ይቻላል አሏቸው። የቅዱስ ቶማስ ሞርን የደስታ ጸሎትም ከ40 ዓመት በላይ በየቀኑ እንደጸለዩት ነገሯቸው።

የከዚራ ልጅ፦
እናቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የለቅሶ ቤቱን ነገር ዛሬውኑ እነግራታለሁ። ሳቢያን፣ ያ ጸሎት በአማርኛ ካለህ ላክልኝ፤ ከልምምድ በፊት አብረን እንድንጸልየው።