«ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ጭንቅላት እንጂ እጅ አይደለም» ተባልን!

የሆጤው፦ ትላንት ደሴ ፒያሳ ማኪያቶ ይዘን አንድ የተማረ ሰውዬ ምን አለ መሰላችሁ? «የቴክኒክና ሙያ ልጆች ዲግሪ ይማሩ ከተባለ የብቃት ምዘናው፣ ሲኦሲው፣ ይቀየር። ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ጭንቅላት እንጂ እጅ አይደለም።» ትን አለኝ። ሞተር የሚፈታ ልጅ ጭንቅላቱን ቤቱ ትቶ ነው የሚመጣው?

የቦርከናዋ፦ አነጋገሩ ያስጠላል፣ ጥያቄው ግን ልክ ነው። ሲኦሲ ምን ይላል? «ብቁ» ወይ «ገና ብቁ ያልሆነ»። አለቀ። ሁለት መቶ «ብቁ» በር ላይ ቢሰለፍ ዩኒቨርሲቲው በምን ይለያቸው? በቁመት?

ሰኞ ገበያ፦ በእጅ ይለያቸዋ!

የቦርከናዋ፦ ይሄ እጅ እጅ የምትሉት ነገር እጅ እጅ አለኝ። አሰልጣኝ ነኝ። ባለፈው አንድ ልጅ ስታር ዴልታ፣ ትልቅ ሞተር በዝቅተኛ ቮልቴጅ የሚያስነሳውን መስመር፣ ገጠመ። ሦስት ኮንታክተር፣ ታይመር፣ ኦቨርሎድ፣ አንድ ሽቦ አልተሳሳተም። ሞተሩ ተነሳ። «ስታር ላይ እያለ 380 ቮልቱ ዋይንዲንጉ፣ የሞተሩ ጥቅል ሽቦ ላይ፣ ለምን 220 ሆነ?» ስለው ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ይህ ልጅ ኢንጂነሪንግ ገብቶ ሒሳብ ሲቆለልበት ማን ይደርስለታል? ምዘናው ውስጥ «ለምን» የሚል ክፍል ይግባ፣ ነጥብም ይኑረው። ሌላ ምን አልኩ?

ጡረተኛው፦ ልጄ፣ 380ን ለ1.73 ማካፈል የአንድ ከሰዓት ትምህርት ነው። ያ የማኪያቶው ሊቅ ኮንታክተር መግጠም በስንት ወር ይለምዳል?

የቦርከናዋ፦ ጋሼ፣ እርስዎንስ አከብራለሁ። ግን ማካፈሉን ማን አስተማረውና?

ጡረተኛው፦ አንቺ ነሻ አሰልጣኙ!

ጦሳ ስር፦ 😂 ጋሼ ጨረሷት። ቁም ነገሩን ልናገር። ወረቀት ጨምራችሁ ልጁን ልትጥሉት ነው። በ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነበር። ያ እንግዲህ ጭንቅላት ብቻ የተለካበት ነው! ለወደቀው የአቅም ማሻሻያው ሬሜዲያል ተከፈተለት። ለእጅስ ምን ተከፈተ?

የሆጤው፦ ኢንዱስትሪ ፓርክ።

ጦሳ ስር፦ አሽሙርህ ገብቶኛል።

ሐረጎ፦ ወገን፣ በከንቱ ነው የምትደክሙት። ስልጠናው ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ስር፣ ዩኒቨርሲቲው ትምህርት ሚኒስቴር ስር። መጀመሪያ እነሱ ይነጋገሩ።

ሰኞ ገበያ፦ ኮምቦልቻዎችን እንዲህ የሚያስከርራቸው ሙቀቱ ነው።

የቦርከናዋ፦ እናንተ ደሴ ጉም ውስጥ ተቀምጣችሁ እንኳን 220ው የጦሳ ተራራም አይታያችሁ። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ወርክሾፕ እዩ።

ሐረጎ፦ ስሜን በከንቱ አታንሺ።

ጦሳ ስር፦ የኔንም።

የቦርከናዋ፦ ነጥብ ይኑረው ላልኩት አንድ ሰው እንኳ አልመለሰልኝም። ደግሜ ልጠይቅ፦ ሁለቱን መቶ «ብቁ» በምን ይለያቸው?

ሰኞ ገበያ፦ በእጅ አልኩሽ እኮ።