2 ሜትር የብራና ክታብ በአንድ ፋይል፦ ቲፍ 4 ጊጋባይት ላይ ሲቆም ምን ይደረጋል?

ጥያቄ፦ የብራና ልጅ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። በቤተሰባችን የቆየ አንድ የብራና ክታብ ከመጥፋቱ በፊት በኮምፒውተር ላስቀምጠው እየሠራሁ ነው። ክታብ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይዘጋጅ ስለነበር ረጅም ነው፤ ይህኛው ሦስት ቁራጭ ብራና ተሰፍቶ 2 ሜትር ሞልቷል፣ ስፋቱ 15 ሴንቲ ሜትር ነው። በ1200 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 1200 ነጥብ) ክፍል በክፍል ስካን አድርጌ ክፍሎቹን ሀጊን በተባለው ፕሮግራም ገጣጠምኳቸው። የወጣው ሥዕል 94,488 በ7,087 ፒክስል፣ በየቀለሙ 16 ቢት ነው።

ችግሩ አጽድቼ ላስቀምጠው ስል መጣ። ቲፍ በተባለው የሥዕል ፋይል ዓይነት ስሞክር ፋይሉ ከ4 ጊጋባይት ይበልጣል ይለኛል፤ በጄፔግና በፎቶሾፑ ፒኤስዲም አልሆነም። ራሙ 32 ጊጋባይት ነው፤ ዲስኩም ሰፊ ቦታ አለው። ቆራርጬ እንዳላስቀምጠው ደግሞ ከተሳሉበት መላእክት ሁለተኛው ክንፉ ልክ ስፌቱ ላይ አርፏል፤ ለሁለት መክፈሉ አልዋጥልህ አለኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ካርታ ሠሪው

ወንድሜ፣ ራምህም ዲስክህም አልበደሉም፤ ገደቡ ያለው በፎርማቶቹ አሠራር ውስጥ ነው።

የቲፍ ፋይል የሥዕሉ ቁርጥራጮች ከስንተኛው ባይት እንደሚጀምሩ የሚናገር ማውጫ አለው። አድራሻዎቹ የሚጻፉት በ32 ቢት ስለሆነ ትልቁ ቁጥር 4,294,967,295 ነው። ከዚያ ያለፈ ባይት አድራሻ ሊሰጠው አይችልም። ፎርማቱ እ.ኤ.አ. በ1986 ሲወጣ እንዲህ ያለ ሥዕል ይመጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ጄፔግ ሌላ ጉዳይ ነው። ቁመትና ስፋትን የሚመዘግበው በ16 ቢት ስለሆነ በአንድ ጎን ከ65,535 ፒክስል አያልፍም፤ የአንተ ቁመት 94,488 ነው። ፒኤስዲ ደግሞ 30,000 ላይ ይቆማል። ታላቅ ወንድሙ ፒኤስቢ እስከ 300,000 ይሄዳል፤ ፎቶሾፕ ላለው ሰው ለሥራ ፋይል ይበጃል። ዌብፒን አትሞክረው፣ 16,383 ላይ ያበቃል።

ለዘለቄታው ያለው መፍትሔ ቢግቲፍ ነው። ያው ቲፍ ሆኖ አድራሻዎቹ 64 ቢት ሆነዋል፤ በፋይሉ መጀመሪያ ላይ የነበረው መለያ ቁጥር 42 ወደ 43 ተለውጧል። ጂዳል ወይም ቪፕስ የተባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ይጽፉታል።

መልስ፦ ሰላም ዘፎቶ

ካርታ ሠሪው ያለው ትክክል ነው። ነገር ግን ከዚያ በፊት አንድ ነገር ይመልከቱ። ሥዕሉ 669,636,456 ፒክስል ነው። ሦስት ቀለም በ16 ቢት ማለት በፒክስል 6 ባይት ስለሆነ 4.02 ጊጋባይት ይሆናል፤ ይህ ከገደቡ (4.29 ጊጋባይት) በታች ነው! ታዲያ ለምን አልፎ ሄደ? ሀጊን ሲገጣጥም ባዶውን ጠርዝ ለማሳየት አልፋ ቻናል፣ ማለትም ከቀለሞቹ ሌላ ግልጽነትን የሚመዘግብ ቻናል፣ ይጨምራል። ያ አራተኛ ቻናል ፒክስሉን 8 ባይት አድርጎት ፋይሉ 5.36 ጊጋባይት ደርሷል። ጠርዙን ቆርጠው አልፋውን ቢያጠፉት ተራ ቲፍ ይቀበለዋል፤ ላየሮች ካሉም አስቀድመው ያዋህዷቸው።

መጭመቂያውን በተመለከተ ኤልዚደብሊው የተባለውን ይተዉት። በ16 ቢት ስካን ላይ ብዙ ጊዜ ፋይሉን ከማሳነስ ይልቅ ያሳብጠዋል። ዴፍሌት የተባለውን ከፕሬዲክተር (የጎረቤት ፒክስሎችን ልዩነት ከሚመዘግበው አማራጭ) ጋር ይምረጡ፤ ከጥራቱ ምንም አይቀንስም።

1200 ዲፒአይስ የግድ ነው? በ600 ቢሆን ፋይሉ ሩብ፣ ማለትም 1 ጊጋባይት ገደማ ነበር። ጽሕፈቱን ለማንበብ ከበቂ በላይ ነው።

የብራና ልጅ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አልፋው በእርግጥም ነበረ፤ ሳጠፋው ተቀመጠ። 1200 ያደረግሁት ለጽሕፈቱ አይደለም። ቀዩ ቀለም ከብራናው ላይ መሰንጠቅ ጀምሯል፣ ስንጥቁን ወደፊት ማወዳደር እፈልጋለሁ። ለጥንቃቄ በጂዳል ቢግቲፍ ላደርገው ብሞክር ግን በመጨረሻው ላይ ይቋረጣል።

ካርታ ሠሪው

በመጭመቂያ ሞክረኸው ከሆነ ምክንያቱ ታውቋል። አልፋው ያለበትን ፋይል ሰጥተኸው መሆን አለበት። የጂዳል ነባር ቅንብር ቢግቲፍ የሚያደርገው ፋይሉ ካልተጨመቀና ከ4 ጊጋባይት ማለፉ አስቀድሞ ከታወቀ ብቻ ነው። መጭመቂያ ሲኖር መጠኑን መገመት ስለማይችል በተራ ቲፍ ይጀምርና ገደቡ ላይ ሲደርስ ይወድቃል። ስለዚህ ከፍጠራ አማራጮቹ ውስጥ ቢግቲፍ የሚለውን ራስህ አስገድደህ አብራው። ይህ ወጥመድ የሳተላይት ምስል የምንሠራ ሰዎችን ሁሉ አስለቅሷል።

መልስ፦ አቤል ጥገና

በፍላሽ ለቤተሰብ ልታደርስ ካሰብክ አንድ ነገር ልጨምር። ፍላሹ ፋት32 በተባለው የቆየ የፋይል አደረጃጀት የተዘጋጀ ከሆነ 4 ጊጋባይት የሞላ ፋይል አይቀበልም፤ ባዶ ቦታ እያለም ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው ይልሃል። ብዙ ሰው ፋይሉ የተበላሸ ይመስለዋል። በውስጡ ያለውን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጠህ ኤክስፋት በተባለው አደረጃጀት ፎርማት አድርገው።

የብራና ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ በቢግቲፍም ተሳካ። አሁን የቀረኝ እናቴ በስልኳ የምታየው ነው።

ሰላም ዘፎቶ

ለእናትዎ ዋናውን ፋይል አይላኩ፤ ስልክ አይከፍተውም። ቁመቱን ወደ 12,000 ፒክስል አሳንሰው በ8 ቢት ጄፔግ ያውጡላት። አጉልታ ማየት ከፈለገች ቪፕስ ሥዕሉን በዲፕ ዙም አሠራር በትንንሽ ካሬዎች ይከፋፍለዋል፤ ድረ ገጽ ላይ ሲቀመጥ ስልኩ የሚያወርደው የምታየውን ክፍል ብቻ ነው። ዋናውን ግን በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ያኑሩት፤ ሁለተኛውም ሌላ ቤት ይቀመጥ።