ሦስት ቅርንጫፍ ለማገናኘት ጅማ ላይ የትኛው መስመር ያዋጣል?

አንድ የቡና ነጋዴ ወዳጄ ሕርማታ መርካቶ ሱቅ፣ አጋሮ መጋዘን፣ አዲስ አበባ ደግሞ ቢሮ አለው። ሦስቱም በአንድ የስቶክ ፕሮግራም እንዲሠሩ ፈልጎ ምን ላስገባ አለኝ። ተመሳሳይ ጥያቄ ያላችሁ ስላላችሁ እዚሁ ልጻፈው።

መጀመሪያ የሚቀርብላችሁ ኤምፒኤልኤስ ነው። ባንኮች ቅርንጫፎቻቸውን የሚያገናኙበት ዓይነት ነው። ዳታችሁ በቴሌኮሙ ኔትወርክ ውስጥ ለብቻው ይሄዳል፣ ከሕዝቡ ኢንተርኔት ጋር አይቀላቀልም። ጥራቱን አልነቅፍም፤ ግን በየቅርንጫፉ በየወሩ ይከፈላል። መንገዱ ተለየ ማለትም ዳታው ተመሰጠረ ማለት አይደለም። ለስቶክ መዝገብ ብቻ ይህን ማስገባት አንድ ፈረሱላ ቡና ለመጫን ተሳቢ መከራየት ነው።

የእኔ ምርጫ፦ በየቦታው ተራ ፋይበር ኢንተርኔት፣ በላዩ ቪፒኤን። ፌስቡክ ሲዘጋ የምንከፍትበትን አፕ ማለቴ አይደለም፤ ሐሳቡ ግን ይቀራረባል፣ በኢንተርኔቱ ውስጥ ዳታችሁ ብቻ የሚያልፍበት የተመሰጠረ ዋሻ ነው። ማይክሮቲክ ራውተር ከሶፍትዌሩ ስሪት 7 ጀምሮ ዋየርጋርድ የሚባል ቪፒኤን አለው፣ ለፈቃድ ተጨማሪ አትከፍሉም። አዲስ አበባ ላለው ቢሮ ግን ሌሎቹ ቅርንጫፎች እንዲያገኙት ቋሚ አይፒ፣ ማለትም የማይለዋወጥ የኢንተርኔት አድራሻ ጠይቁ። የሞባይል ሲም አብዛኛውን ጊዜ አይፒውን ከብዙ ሰው ጋር ስለሚጋራ ከውጭ የሚጀመር የኢንተርኔት ግንኙነት አይደርሰውም፤ እሱ ራሱ ነው ወደ ቢሮው ግንኙነቱን መክፈት ያለበት።

ሁሉም ራውተር ከፋብሪካ በወጣበት የውስጥ አድራሻ፣ ለምሳሌ 192.168.1 ላይ እንዳይቀር፤ ለየቅርንጫፉ የተለያየ ስጡ። ሦስት ቤት አንድ የቤት ቁጥር ካለው ፖስተኛው የት ይሂድ? እኔ በዚህ ምክንያት ሙሉ ቅዳሜ አቃጥያለሁ።

መጠባበቂያውንም አስቡበት። አንድ ደንበኛዬ ሁለት የፋይበር መስመር አስገብቶ እፎይ ብሎ ነበር። ክረምት ላይ መንገድ የሚቆፍር ስካቫተር መጣና ሁለቱም ባንዴ ጠፉ። ለካ በአንድ ቦይ ነው የሚያልፉት! ስለዚህ ሁለተኛው 4ጂ ይሁን፣ ከተቻለም ከሌላ ኩባንያ። ሲሙን ከመግዛታችሁ በፊት መጋዘኑ ውስጥ ገብታችሁ ሞክሩት፤ የቆርቆሮ ቤት ሲግናል ይበላል።

ሁለቱ ግቢዎቻችሁ እዚሁ ከተማ ውስጥ ከሆኑስ? የ5 ጊጋኸርዝ ራዲዮ ሁለት ጣሪያ ላይ ሰቅሎ ማገናኘት ይቻላል፣ ወርሃዊ ክፍያም የለውም። ጅሬን ላይ ቆማችሁ ከተማውን ቁልቁል ስታዩት ቀላል ይመስላል። ታች ግን ዛፉ አያሳልፍም፤ አንዱ ምሰሶ ከሌላው መታየት አለበት። የፍሪኩዌንሲ ፈቃዱንም ቀድማችሁ አጣሩ።

ሳተላይት ምንም በማይደርስበት እርሻ ብቻ። የተለመደው ቪሳት የሚባለው የሳተላይት ዲሽ ከምድር 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ካለ ሳተላይት ጋር ስለሚሠራ፣ ምልልሱ ግማሽ ሰከንድ ይወስዳል። ኤስዲ-ዋን የሚሉትን፣ የብዙ ቅርንጫፍ መስመሮችን በሶፍትዌር ከአንድ ቦታ የሚያስተዳድረውን ደግሞ አሥር ቅርንጫፍ ሲሞላችሁ እናወራዋለን።

ለወዳጄ ፋይበር፣ ዋየርጋርድና የ4ጂ ሲም አስገብተን ጨረስን። ዩፒኤሱን “በኋላ እገዛለሁ” ብሎ ነበር፤ መብራት ሁለቴ ሲጠፋበት ራሱ ይዞት መጣ።